ቁልፉ እኔ ጋ ነው

አባቴን ያጠቡት ሼህ በድሩ ናቸው፤
በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ውሃ ላቀብላቸው።
ከወገቡ ፈትተው፣ በጥቁር ክር ያለ
ቁልፍ አቀበሉኝ፣ እንደረጠበ፣ እንደተንጠለጠለ።
"ያንቺ እጅ ቀረበኝ፤ ያዢው" አሉኝ፤ በቃ።
ኑዛዜ አልነበረም። የሰጡኝ ዕቃ
የሣጥን ቁልፍ ነው፤ የዚያ የብረቱ፣
ማንም የማይነካው እሱ በሕይወቱ።

ሁለት ነፍጥ አለበት። አንደኛው ምንሽር ነው፣
ከአያቴ የወረደ፣ ሰደፉ በሽቦ የተጠገነው።
ሁለተኛው ክላሽ፤ በሁለት በሬ ዋጋ
ሲገዛው፣ እናቴ አኮረፈች ከክረምት እስከ በጋ።
ፈቃዱ በፌስታል አለ፣ ተጠቅልሎ፣
ፎቶው ባለ ጢም፣ ማኅተሙ ግማሽ ፊቱን ከልሎ።
በየዓመቱ ያድሳል፣ ተሰልፎ፣ ቀን ሳያሳልፍ፤
"ግብሩን እንዲህ በከፈለ!" ትላለች እናቴ ስትዘልፍ።

ቅሬው ሳይበተን፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣
ሙሄ ጓዳ ጠርቶ ለቅሶዬን አስረሳ፦
"የወንድ ልጅ ዕቃ ነው፤ ቁልፉን ወዲህ በይ፤
ነፍጥ በሴት እጅ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ?"
አጎቴ አራጋው በር ቆሞ ሰማ፤
"ለአባቱ ሳይተኩስ? ይሄስ አይስማማ!"
እኔ ቁልፉን ጨበጥሁ፤ ጥርሱ መዳፌን በላ።

አባጋሩ መጡ፣ ዱላቸውን ተክለው።
"ፈቃዱ የማን ነው?" "የአባቴ።" "እሱስ የት ነው?"
"ቀበርነው።" "እንግዲያ ፈቃዱም ተቀብሯል፤
ብረቱ ግን እዚህ ጌታ የለሽ ቀርቷል።
ጌታ የሌለው ውሻ ማንን እንደሚነክስ፣ ልጆቼ፣ ማን ያውቃል?"
ሙሄ ዝም አለ።

ሰደቃው ባለቀ ማግስት ኑርዬን ጠራሁት፣
ሚሊሻ ነው፤ ካዝናውን ሲነቅል፣ ትንፋሼን ይዤ አየሁት።
ባዶ ነው አለኝ። ጥይቱን ለብቻ ቋጠረ፤ ነፍጦቹ የአባቴን ጋቢ ለበሱ፤
ከፈን ያቀበሉ እጆቼ፣ ሳላዛቸው፣ ያን ቀን አስታወሱ።

ኩታበር በባጃጅ ወረድን፤ ሹፌሩ በመስታወት ያየናል፤
"ሬሳ ነው?" "አይደለም።" "ታዲያ ምን እንዲህ ታቅፎ ይጫናል?"

ተረኛዋ ሳጅን ይርገዱ መዝገቧን ገለጠች፣
ከብረቱ ቁጥር ወደ ወረቀቱ ጣቷን እያመላለሰች።
ምንሽር፣ አንድ። ክላሽ፣ አንድ። ጥይቱን ቆጠረች፣ ደገመች፤
"የተመዘገበው ሰላሳ፤ ያመጣሽው ሃያ ዘጠኝ" አለች።
"አንዷስ?"

አንዷስ?
ሲወለውል እንጂ ሲተኩስ አላየሁ።
ለጅብ ይሆን? ለሠርግ? እዚያው ቆሜ ዘመን ወደ ኋላ ቆጠርሁ፣
እስከዚያ ክረምት፣ ሁላችን ሸሽተን፣ እሱ "ቤቱንስ ማን ይጠብቅ" ብሎ የቀረ፤
ስንመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ በጉንጩ ጢሙ ያረረ፣
አጥሩ ፈርሶ፣ ሣጥኑ ተቆልፎ፣ በሬዎቹ የሉም።
ስለዚያ ወር ጠየቅነው። ሰግዶ ተነሳ፤ አልመለሰልንም።

"አላውቅም" አልኳት። "አንድ ጎደሎ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ"
ብላ ጻፈች። ደረሰኙ ላይ፣ ከስሙ ፊት "ሟች" ስትል፣ እንባዬ ያኔ ወደቀ፤
ቀብር ላይ እንኳ ያልመጣው።

ደረሰኙ ከቁርዓኑ ሥር ነው። ሙሄ ለፈቃድ አመልክቷል፤
ይጠብቅ፣ ተብሏል።
ሣጥኑ ሦስት ቀን አፉን ከፍቶ ዋለ። በአራተኛው እናቴ ተነስታ
ስኳሩን ከተተች፣ ዘይቱን፣ የሽሮውን ቅል ደርድራ በተርታ።
"አይጥ የማይደርስበት እንዲህ ያለ ቤት ከየት ይገኛል" አለች፤
ቆልፋ፣ በዚያው ጥቁር ክር፣ ቁልፉን መልሳ ሰጠችኝ።

አሁን የሙሄ ልጆች ስኳር ሲያምራቸው
ወደ እኔ ይሮጣሉ። እከፍትላቸዋለሁ።
ግን አስቀድሜ፣ እነሱ ሳያዩ፣ እጄን ሰድጄ
ከታች፣ ጥግ ጥጉን እዳስሳለሁ።