እርጥብ

አርባ አንድ ደብዳቤ፣ በአንድ ዓይነት ማኅተም፤
ቃል ከቃል አይለይ፣ መስመር አይበልጥም።
የስም ቦታው ብቻ ክፍት ነበር ሲታተም።
ለወጥ ቤቷ ለጥሩዬ፣ ለአትክልተኛው ለአንማው፣
ለሒሳብ ሹሙ፣ ለዘበኛው ለጋሽ ይርሳው፣
ለእኔም ለልብስ አጣቢዋ፣
እኩል ተቀዳ ጽዋ።

የሠራው አንድ ሰው ነው፤ እሱስ ተፈረደበት፣
ጠበቃ ቆሞለት፣ ምስክር ተሰምቶበት።
እኛን ዳኛ አላየን፤ ማን ምን እንዳወቀ ጠይቆ አልለየን፤
የልጆቹ ቤት ሲዘጋ በሩ አንድ ላይ አገኘን።

ከሽምብጥ ወደ ገበያ ባጃጅ ተሳፍሬ፣
"ከዚያ ቤት ናት" ሲሉ ሰማሁ፣ ከፊት ወንበር ወሬ፤
ጎኔ ያለችው ሴት ዘንቢሏን ሳበች፣
ልጇን ወደ ሌላው ጭኗ አዛወረች።

ጋሽ ይርሳው ዛሬ ሐይቁ ዳር መረብ ይጠግናል፤
ስሙ ይርሳው ነው እንጂ መቼ ይረሳል?
"በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል" ይላል፤
ክሩን በጥርሱ በጥሶ ደግሞ ይደግመዋል።
እኔም እንደሱ ስል ከረምኩ። እርጥብ ነኝ አልኩ፣ እየማልኩ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ከገንዳ ሌላ ምን አየሁ፣ ምን አወቅኩ?
ጣቴ እንኳ እስካሁን ተሸብሽቦ ቀርቷል፤
ከእኔ በላይ እርጥብ ከየት ይመጣል?

ግን የአንሶላው ነገር አለ።
እስከ ዛሬ ማንም "ስለ አንሶላ ንገሪን" አላለ።
ኮሚቴው ፋይል መረመረ፣ ደረሰኝ መረመረ፤
ገንዳዬ ሳይጠየቅ ቀረ።

ሰኞ ሰኞ ማለዳ ጆንያውን ስዘረግፍ፣
አንድ አንሶላ ከሥር ይመጣል፣ የተቋጠረ ጫፍ ለጫፍ፤
እርጥብ።
የስመኝ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ። ድሮ ደርቃ ታነጋ ነበር።
ምን ነካት አልኩ፤ አልኩ እንጂ፣ በሆዴ፣ ለሰው ሳልናገር።
በረኪና ጨመርኩበት፣ አሸሁት፣ ቀቀልኩት፣
ከሌሎቹ አንሶላዎች ጋር ቀላቀልኩት፣
ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።
ነጣ።
ለማንጣት አይደል የተቀጠርኩት?

ጋሽ ይርሳውም አንድ ሌሊት ድምፅ ሰምቷል፤ "ጉማሬ ነው" ብሎ፣
ጋቢውን ተከናነበ፣ ባትሪውን አጥፍቶ ጥሎ።

አንማው ግን ሦስት ወሩ ነበር ከገባ፤
የሚያውቀው የአጥሩን ጽጌረዳ፣ የሚያውቀው አበባ።
ዛሬ ጣና ውስጥ ቆሟል፣ እስከ ወገቡ ገብቶ፣
እምቦጭ ይነቅላል በቀን ሒሳብ፣ የልጁን ወተት ሽቶ።
የእሱም ደብዳቤ እንደ እኔው ነው፤ ያው ቃል፣ ያው ማኅተም።
እሱ ፊት ቆሜ "እርጥብ ነኝ" ማለት አልሆነልኝም።

ልጆቹንም በተኗቸው፤ ዳንግላ፣ ሞጣ፣ ደብረ ታቦር፤
ስመኝን ባለፈው አገኘኋት መናኸሪያው በር።
"እኛስ ምን አጠፋን፣ እትዬ ይታክቱ?
የታሰረው እሱ ነው፤ ለምን ተዘጋ ቤቱ?"
አልመለስኩም። ቲኬቷን አጥፋ ዘረጋች፣ አጥፋ ዘረጋች፤
ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፤
"ያን አንሶላ" አለች፣ "ለማንም ሳትነግሪብኝ፣
አጥበሽ ስለመለስሽልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

አውቶቡሱ የአባይን ድልድይ ተሻገረ።
እግሬ እዚያው ቀረ።
እግዜር ይስጥልኝ!

አንድ ቀን ዳኛ ፊት ቆሜ "ተናገሪ" ብባል፣
ይቺን ነው የምለው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ቃል፦
አታቀላቅሉን።
እንደ እኔ አታድርጉ።
የአንማውን ደብዳቤ ቅደዱ፤ ይቅርታም ጠይቁት።
የይርሳውን፣ እሱው ባለበት፣ ለብቻው አንብቡት።
የእኔ ከጆንያው ሥር ነው፤ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሯል፤
ፍቱት። ገና አልደረቀም።
ይሁን፤ እርጥብም ይነዳል።