«ዘር» የምትለዋ ሣጥን

በኔብራስካ መንገድ፣ በአስፋልቱ ጠርፍ፣
ሣር እዘራለሁ፣ ዳገቱን እንዳይበላው ጎርፍ።
ሁለት መኪና አለኝ፤ አንዱ ሲነሣ ያስነጥሳል፣
ኮልቢ የሚሉት ልጅ ከኋላው ጭድ ይነሰንሳል።

ዋጋዬን ሌሊት ሠራሁ፣ ሳንቲም በሳንቲም ቆጥሬ፣
ናፍጣውን፣ ጭዱን፣ የኮልቢን ደመወዝ ደምሬ።
ከቀረቡት ሁሉ ዝቅተኛው የኔ ነበር፤
ቅጹ ላይ ግን አንዲት ሣጥን አለች፦ «ዘር»።

እኔ የማውቀው ዘር በከረጢት ይመጣል፣
ሁለት ዝናብ ከጠጣ በአሥረኛው ቀን ይወጣል።
እነሱ የጠየቁኝ ሌላ ነው።

ሥራው ለሌቨርት ሆነ። ክፉ አይደለም ሰውዬው፤
አምና ፓምፔ ሲሰበር የራሱን ያዋሰኝ እሱ ነው።
አባቱን ከዚሁ ቢሮ፣ ቅጽ እንኳ ሳይሰጡት፣
በቆዳው ቀለም ብቻ ከደጃፍ መለሱት።
አውቃለሁ። ግፍ ነው።
ግን ያንን ዕዳ ከኮልቢ ዳቦ መቁረስ
ያው ነው፣ አሮጌውን ሣጥን በአዲስ ቀለም ማደስ።

ዘንድሮ ቅጹ ሲመጣ ከሣጥኗ ውስጥ ጻፍሁ፣
«የሣር፤ አርባ ከረጢት» ብዬ ፈርሜ ላክሁ።
ሌቨርት ይህን ሰምቶ እስኪያስለው ሳቀ፤
ከዚያ ዝም አለ።
ዳገቱ ላይ ዘነበ። ሣሩ ገና አልጸደቀ።