ሽምግልና በደብረ ብርሃን

ጥር ነው። ውርጩ ሣሩን ዱቄት አስመስሎት፣
ከመሐል ሜዳ ወጣሁ፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ በሌሊት።
ኪሴ ውስጥ አንድ የጥሪ ወረቀት ታጥፎ፣
ስሜ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ፊደል ተገድፎ።
«ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት» ይላል ከራስጌው፣
«የኳንተም ስበት፣ የክር ንድፈ ሐሳብ» ከግርጌው።
እኔ ደግሞ አስተማሪ፣ ዐሥራ አንደኛ ክፍል፣
ሰባ ሦስት ተማሪ፣ አንድ ሚዛን፤ እሱም የማይመዝን በትክክል።

ኃይላትን ሁሉ አንድ ሊያደርግ የመጣውን ሰው
ቀድሞ አንድ ያደረገው የኛ ብርድ ነው፤
ቺሊም ሕንድም ፖላንድም እጁን ብብቱ ሸሽጎ፣
በአፉ እንፋሎት ያወጣል፣ ትከሻውን ጆሮው ድረስ አድርጎ።

ዶክተር አስካለማርያም፣ የአንጎለላዋ፣
በብርሃን በተሰየመ ከተማ መብራት ሲጠፋ
ጠመኔ አነሣች፤ አልተቋረጠም ወሬዋ።
«ነገሩ ጥል ነው» አለች፤ «ሁለት ሕጎች ተኳርፈው፣
አንድ ግቢ ይኖራሉ፣ በየበራቸው አልፈው።
ትልቁ ሕግ ከዋክብትን በሰፊ እጁ ያጎብጣል፣
ትንሹ ከትቢያ በታች፣ ሊቆጥሩት ሲሉ ይዘላል፤
ለየብቻ ሲጠየቁ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፣
ፊት ለፊት ካስቀመጧቸው ግን ቁጥሩን ያሳብዳሉ።»

ገባኝ። ይህንንስ አውቀዋለሁ።
የወሰን ክርክር መንዝ ላይ ስንቴ አይቻለሁ፤
ሽማግሌ ይቀመጣል ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር፣
ሁለቱም ይምላሉ፤ ሁለቱም ያውቃሉ ድንበር።

ፖላንዳዊው ተነሣ። ታዴዎሽ ይባላል፤ እኛ ታዴዎስ አልነው።
ጀርባው ላይ ያለው ባና የኔ ነው።
ከባናው ጠርዝ አንዲት ክር መዘዘ፣
በሁለት ጣት ወጥሮ ያዘ፤
«ቅንጣት የምንለው ነጥብ አይደለም፤
እንዲህ ያለች ክር ናት፣ ከዚያ ወዲያ ወለል የለም።
እንዲህ ስትርገበገብ ብርሃን፣ እንዲያ ስትል ድንጋይ ትሆናለች፤
አንዷ ርግብግቢትማ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ስበት ሆና ትመጣለች።»
እኔ ባናዬን አየሁ፦ ሁለት ክረምት የተፈተለ፤
ዓለም ሳይሆን ጠርዙ ነው የተንጠለጠለ።

«ዐሥር አቅጣጫ አለ» አለ፤ «ስድስቱ ተጠቅልለው ተደብቀዋል።»
ተረጎምኩለት ለጋሽ ሽብሩ፣ በሩ ላይ ቆሟል፤
«እኔ ፈታሽ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ፣
«ስድስት ነገር ደብቆ ያለፈኝ የለም፤ ይታይ ተከፍሎ።»

በሦስተኛው ቀን ጣርማ በር ወሰድናቸው።
ጉም ከደብረ ሲና በኩል እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ ጠበቃቸው።
ማንያህልሃል፣ ሹፌሩ፣ ፍሬኑን ስቦ ወረደ፣
ትልቅ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወትፎ ሄደ።
ስለ ስበት ያለውን ሁሉ ተናገረ በዚያች ድንጋይ፤
መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ ቀና ብሎም ሰማይ ሳያይ።

ታዴዎስ አፋፉ ላይ ደረሰ።
አርባ ዓመት ስበትን በቁጥር ሲያሸው የኖረ፣ ያለሰለሰ፣
ታች አየ፤ ጭላዳ ገደሉ ወገብ ላይ ሣር ሲነጭ፤
ከዚያ ወዲያ ምንም፣ ጉም ብቻ፣ ነጭ።
እጄን ጨብጦ ያዘ።
«ቀመሩን አውቀዋለሁ» አለ፣ «ጉልበቴ ግን አያውቅም።»
አልሳቅሁም።

ማታውን ሽምግልናው ተበተነ። ዕርቅ አልወረደም።
ካሳ የለ፣ መሐላ የለ፣ የታረደ በግም የለም።
ዶክተር አስካለማርያም ሰሌዳውን ሳትጠርገው ተወች፣
«ለከርሞ» ብላ ቀጠሮ ሰጠች።
ታዴዎስ ባናዬን አጣጥፎ፣ በሁለት እጁ መለሰልኝ።
ሁለቱ ሕጎች ያን ሌሊት እንደተኳረፉ አደሩ፣
አንዱ ከዋክብቱ ጋ፣ አንዱ አምፖሉ ውስጥ፣ በቀጭን ክሩ።

ሰኞ፣ መሐል ሜዳ። «ስበት» ብዬ ጻፍኩ ሰሌዳው ላይ።
ክፍሉ ዝም አለ፤ የሚሳለው ይስላል፣ የሚያየው ያያል ወደ ውጭ፣ ወደ ሰማይ።
እጅ አወጣች ይርገዱ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፤
«መምህር፣ የባናዎ ጠርዝ ተተርትሯል» አለችኝ በአደብ።
ቁልቁል አየሁ። ክሯ ወጥታ፣ በነፋሱ ትርገበገባለች።
ልቆርጣት አሰብኩ። ተውኳት። አሁንም አለች።