ቁልፍ

ሽሞልን ከተማ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ካለው ፋብሪካ
ቁልፍ ነው የምንሠራው፤ በፍሬ ሳይሆን በኪሎ የሚለካ።
«ቁልፉ ግን በርሊን ነው» ይላሉ ሴቶቹ፣
ማሽኑ ሲጮኽ ጠብቀው፣ እንዳይሰሙ ጆሮዎቹ።

በርሊን ሚኒስቴር አለ። ከሚኒስቴሩ በላይ
ክፍል አለ የፓርቲ፣ ሚኒስትሩን የሚያይ።
ሚኒስትሩ ካሳለ ክፍሉ ይመዘግባል፣
ከክፍሉ ወደ አውራጃ ስልኩ ይደወላል፤
አውራጃው ለወረዳ፣ ወረዳው ለሎታር።
ሎታር ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከጎኑ ግን ሌላ ወንበር፣
ወንበሩ ላይ ጓድ ኤገን የሚባል አለበት፣
ሎታር ሲፈርም፣ ቀለሙ እስኪደርቅ የሚጠብቅለት።

እኔ ሮስቪታ ነኝ፣ የሚዛን ክፍል ሠራተኛ፤
መዝኚ ተባልኩ እንጂ አልተባልኩም ዳኛ።

አንድ መጸው ዕቅድ መጣ፤ አሥራ ስምንት ቶን።
ሎታር ወረቀቱን አጥፎ፣ «ፍሬውን» አለ «አልተጠየቅን።
ቀዳዳ ስንበሳ ምን ይረግፋል? ብናኝ።
ብናኙ ይጠረጋል፤ ማን ነው እሱን መዛኝ?»

በማግስቱ መሰርሰሪያው ቆመ።
አራት ዐይን የነበረው ቁልፍ፣ ሳይገልጥ እንደታወረ፣
በሳጥን፣ በሳጥን፣ እስከ ጣሪያው ተደረደረ።

ጓድ ኤገን መጣ። አንዱን አንሥቶ ወደ አምፖሉ ያዘው፤
ብርሃኑ አላለፈም። የካፖርቱን አንገት ዳበሰው፣
በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን።
«ቀዳዳ የለውም» አልኩት።
«ቀዳዳማ ካለ፣ ሮስቪታ፣ ነገር ይሾልካል» አለና
ሪፖርቱን ላከው፤ ሲወርድ ትእዛዝ፣ ሲወጣ ምስጋና።
መቶ ሦስት በመቶ ያልነውን ወረዳው መቶ አምስት አደረገው፣
አውራጃው መቶ ሰባት፤ በርሊን ሲደርስማ ማን ይቁጠረው?
ቀይ ባንዲራ ተሸለምን። ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰቀልነው።

በረዶው ሲወርድ፣ የእህቴ ልጅ ካፖርቷን በሲባጎ አስራ
ትምህርት ቤት ሄደች። ሱቁ ቁልፍ አለው፤ አለው፣ የማይሠራ።
ማታ ወስፌ አግዬ ምድጃ ላይ፣ ከሰረቅኩት ስድስት
በሳሁ፣ ሁለት ሁለት ቀዳዳ። አልደፈርኩም አራት።

በሩ ተንኳኳ።
ጓድ ኤገን ነው። መዳፉ ውስጥ ሦስት ዕውር ቁልፍ፣
ካፖርቱ ክንዱ ላይ። አልገባም፤ መቃኑን ደገፍ
አድርጎ፣ «ወስፌ አለሽ አሉ።»
ማን አለ? አልጠየቅኩም።
«ሁለት ይሁን አራት?» አልኩት።
ጥቂት አሰበ፣ ወስፌው እሳቱ ላይ ዳግም ሲግል፤
«ሁለት ይበቃል» አለ፤ «ክብደቱ እንዳይጎድል።»