ስሙን በኋላ

ሙሄ ጎማ ጀልባውን በእርግጫ ሞከረ፤
«ይህ ሞልቷል» አለና ወደ እኛ ዞረ።
«ቅዘፉ ስል ቅዘፉ፣ ተኙ ስል ተኙ፤
ከወደቃችሁ እግር ወደ ፊት፣ ድንጋይ አትመኙ።»

እኔ የደሴ ልጅ፣ ዋና የማላውቅ፣
ሰደርያዬን ብቻ ሦስቴ የማጠብቅ፣
ከገደሉ ጥግ ላይ ውሃው ሲያጉረመርም
«ስሙ ማነው?» ብለው፣ «ሳናልፍ አልናገርም።»

ግራና ቀኝ ገደል፣ ቀይ፣ የተሰነጠቀ፣
አንዲት ቅጠል የለው፣ በፀሐይ የደቀቀ፤
ሰማዩ ከላይ ጠቦ መቀነት አከለ፣
ድንገት በሽሎ ራሱ ከፊታችን ጎደለ።

«ቅዘፉ!»

ቀዘፍን፤ አየሩን፣ አረፋውን፣ አንዳንዴም ወንዙን።
እሱም ከደላንታ የጫነውን
አፌ ላይ አራገፈ ጓዙን።

ከዚያ ዝም ያለ ውሃ። አሸዋ። ጥላ።
ሙሄ ቆቡን ጨምቆ፣ «ስሙ? ሙሽራ በላ።
በአያቴ ዘመን ሰርገኛ በክረምት ሊሻገር ደፈረ፣
በቅሎዋ ብቻ ወጣች፣
ዣንጥላው ኮርቻዋ ላይ እንደታሰረ።»

ማንም አልሳቀም። ዞር ብለን አየነው፤
ከዚህ ሲያዩት እኮ ነጭ አረፋ ብቻ ነው።

ከታች፣ ከመታጠፊያው፣ ሌላ ድምፅ ይሰማል።
«የዚያስ ስም?» ልል አልኩና ተውኩት፤
ሰደርያዬን፣ ለአራተኛ ጊዜ፣ አጠበቅሁት።