ውሃ አቀባይ

ዘንባባው ጤዛውን ሳያራግፍ ገና፣
ስልሳ አራት ሆነን ቆምን፥ ባንድ እግራችን፥ በዋናው ጎዳና።
ፊሽካው ሲነፋ
ሰንሰለቱ ሁሉ ባንድ ላይ ተንጣጣ፥ እሳት እንዳገኘው የሽንብራ ቆሎ፤
ከተማው ነቃ፥ ማነው? ምንድነው? ብሎ።

አንማው ነው የኛ ሰው። አንማው ነው ለድል የታጨው፤
እኔ ቻላቸው ነኝ፤ የኔ ሥራ እሱን ውሃ ማጠጣት ነው።
አሰልጣኝ ቢሆነኝ ማታ ሲያስረዳን፥ በጠመኔ ሥሎ መንገዱን፣
«ዘንዘልማ ላይ ዝም። ሐሙሲት ዝም። ወረታን ዞሮ ሲመለስ አንማው ያሳያል ጉዱን።
ቤዛዊትን ይወጣል ብቻውን።
አንተ ቻላቸው ግን...» አለና፥ ፈልጎ ያጣ መሰለ ቃሉን፤
«አንተ... ውሃውን።»

ዘንዘልማን አለፍን፤ ጫት ማሳ ውስጥ ጎንበስ ያሉ ሴቶች ቀና ሳይሉልን።
ሐሙሲት ላይ አንዲት አህያ መሀል ገብታ ቆማ ለሁለት ከፈለን።
ነፋሱ ከጣና ወጥቶ ጎን ጎናችንን ሲለን፥ እንደ ከብት ነጂ ሽመል፣
እኔ በነፋሱ በኩል ነኝ፤ አንማው በጥላዬ፤ እሱ እንዲቆጥብ፥ እኔ እንድከፍል።

«ውሃ!» ይላል። ወደ ኋላ እቀራለሁ፥
እስከ መኪናው። ስድስት ኮዳ ከማልያዬ ጀርባ እጠቀጥቃለሁ፤
ሁለት በደረቴ፥ አንድ በጥርሴ፤
ግመል መስዬ እመለሳለሁ፥ ከነጭነቴ፥ ከነነፍሴ።

በግራዬ ጣና ተኝቷል፥ ዳር እስከ ዳር ሰማይ የሞላው፤
እኔ በኮዳ እመላለሳለሁ። ይሄን ያየ ሽማግሌ፥ ፎገራ ላይ፥ ከሩዝ ማሳው
ቀና ብሎ ሳቀ። አልፈርድበትም፤ እኔም እስቅ ነበር ትንፋሽ ቢተርፈኝ፤
ሦስት ሰዓት ሙሉ በሐይቅ ዳር ውሃ መሸከም፥ እብድ ነው የሚያስመስለኝ።

ወረታን ዞርን። ሐሙሲት በድጋሚ፥ ሠላሳ ቀረን። ቤዛዊት ሥር ስንደርስ አምስት።
የሚናገር የለም፤ የሚሰማው ሳንባ ነው፥ ወናፍ የበዛበት አንጥረኛ ቤት።
ለምን እንዳልቀረሁ አላውቅም።
የመጨረሻውን ኮዳ ሰጠሁት። ግማሹን ጠጣ፤ ግማሹን በራሱ ላይ አፈሰሰ።
(ለአንዲት አፍታ ጠላሁት። ጥላቻውም ከላቤ ጋር ፈሰሰ።)

ቁልቁል ወርደን ድልድዩ ላይ ስንገባ፥ ከፊታችን ሁለት ሰው ብቻ፤
ከዚያ «እስስስ» አለ የአንማው የፊት ጎማ። ሚስማር ይሁን ጠርሙስ፥ እንጃ።
መኪናችን የለም፤ ዳገቱ ሥር ከከብት ጋር ተፋጧል።
ማንም አላዘዘኝ፥ እሱም አልለመነኝ፤ እጄ ቀድሞኝ ጎማዬን ፈቷል።
አስገባሁለት። ገፋሁት። ሄደ።
የጀርባው ሙቀት መዳፌ ላይ ጥቂት ቆየና በረደ።

የቀሩት ሁሉ በጎኔ አለፉ። መኪናችንም አለፈ፥
አሰልጣኝ ቢሆነኝ በመስኮት ወጥቶ «አንማው!» እያለ እየለፈፈ።
ከሥሬ ዓባይ ከሐይቁ ይወጣል፤ ጣናን ሰንጥቆ ሳይቀላቀል ነው የሚያልፈው ይላሉ፤
እኔ ግን ሳየው፥ አንድ ውሃ ነው ሁሉ።

ከታንኳው ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ አንጋጦ፥ «ምነው፥ ደረቀሳ ከንፈርህ?»
«ውሃዬን ጨረስኩ።» ሐይቁን አየ፥ ወንዙን አየ፤ «እዚህ ላይ ቆመህ?
የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ፥ ተረት ይመስለኝ ነበረ!»
ሳቀና ቀዝፎ ተሻገረ።

ከወዲያ ማዶ ጩኸት ተነሳ፥ እንደ ዝናብ፤ ማን እንደገባ አላወቅኩም፤
ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል፤ ብስክሌቴን በትከሻዬ፥ መሄዴን አልተውኩም።

ስደርስ ሪባኑ ተጠቅልሏል። የኖራው መስመር ግማሹ በባጃጅ ተወስዷል።
አንድ ጠራጊ ባዶ ኮዳ ይለቅማል፤ የኔን ይሁን የማን።
ወይዘሮ የሻረግ ብቻ ከነመዝገቧ አለች፥ ከጥላው ጋር እያዞረች ወንበሯን።
«ቁጥር?» «አርባ ሰባት።» «ስም?» «ቻላቸው።» ጻፈች፦ ስልሳ ሦስተኛ።
(አንዱ ወረታ ላይ አቋርጧል።) «ማን አሸነፈ?» «የደሴው ልጅ። የናንተው ሁለተኛ፥
በጣት ስፋት።»

ሕጉን እሷም ታውቀዋለች፦ ሰው አይደለም የሚቆጠረው፤
መስመሩን የሚነካው የፊት ጎማ ጠርዝ ነው።
አልተከራከርኳትም።
አንማው ጎማዬን መለሰልኝ፥ ዓይኔን ሳያይ፥ ውሃ እየጠጣ። ጠርዟ ላይ ኖራ አለ።
አልጠረግኩትም።