አንቀልባ

ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተኛው፤
አራት ልብ ያለው ጨቅላ፣ አንድ እጅ እንኳ የሌለው።
ያስባል፣ ይቆጥራል፤ ከዓለም ጋር ግን አይነካካም
ተሸካሚ ቦርድ ካላዘለችው። ብቻውን ምንም አይረባም።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።
ለሊሴ ከገላን ወዲያ፣ በቆርቆሮ ክፍል፣
ሦስት ሺህ እንቁላል በአሮጌ ማሽን ታቅፋለች።
«ሙቀቱን ጠብቂልኝ» አለችኝ፣ «ሠላሳ ሰባት ከግማሽ።
ሃያ አንድ ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም።
አንዷን እንኳ ልተኛ።»

መርከቡ «ሁሉ ያላትን ግዢ» አለኝ፤
«አራት ዩኤስቢ፣ ሁለት ስክሪን፣ የካሜራ ቀዳዳ፤
ነገ የሚያስፈልግሽን ማን ያውቃል?»
እውነት መሰለኝ።
ከዱባይ በሰው ሻንጣ መጣች፣ በካልሲ ተጠቅልላ፣
አሥራ አራት ሺህ ብሬን በልታ፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩላ።

ማክሰኞ መብራት ሄደ። ተመለሰ ከመሸ፣ ማታ፣
እንደ ሰከረ አባወራ፣ በሩን በርግጫ እየመታ።
ሽታው ቀድሞ ነገረኝ።
ጨቅላው ተረፈ። ያዘለችው ሞተች።
«አምስት ቮልት ብቻ» ይላል ወረቀቷ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፤
እኔ ቀዳዳዎቿን ስቆጥር ነበር።

ረቡዕ ገላን ወረድኩ።
ማሽኑን አይደለም፣ ቤቱን ላይ።
የአባቷ አይሱዙ ጥሎት የሄደ ጥንድ ባትሪ፣ ሃያ አራት ቮልት።
ላባ። ሽቦ የምትወድ አይጥ።
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ወለል፣
ሶኬቱም አብሮ፣ እየላላ፣ እየላላ።

የመረጥኳት መልከ ጥፉ ናት፤
አንድ ኔትወርክ፣ አንድ ዩኤስቢ፣ ስክሪን የላትም።
ሆዷ ግን ከዘጠኝ እስከ ሠላሳ ስድስት ቮልት ይውጣል፣
ጥርሷ ሽቦውን በብሎን ነክሶ ይይዛል።
መርከቡ ሳቀ፦ «ይቺን ድሃ!»
አንቀልባ በዛጎሉ አይመረጥም አልኩት፤
ጠፍሩን ጎትተህ ነው።

ዛሬ ሌሊት መብራት ሁለቴ ሄደ።
ለሊሴ አልደወለችም፤ ተኝታ ይሆናል።
እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት፣ ስልኬን አቅፌ፣
ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት።
ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት።
…
ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት።